የትኛውን የሶካ ዘፋኝ ልከተል? ካርኒቫል ካለፈ በኋላ የሚደረግ ንጽጽር

በካሪቢያኗ ደሴት በትሪኒዳድ ካርኒቫል የሚባለው የአደባባይ ጭፈራ ማክሰኞ ሌሊት ያልቃል። ረቡዕ ሲነጋ የፖርት ኦፍ ስፔን መንገዶች በወዳደቀ ላባና በብልጭልጭ ጨርቅ ተሞልተው ይገኛሉ። ካቶሊኩ ግንባሩን አመድ ሊቀባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እስከ ትናንት ምሽት ከየመኪናው ላይ ሲያስገመግም የነበረው ዘፈንም በአንድ ሌሊት ያረጃል። በእኛ አነጋገር ቅበላ ነው፤ ጾም ከመግባቱ በፊት የሚበላው የመጨረሻው ሥጋ። ትሪኒዳዶች ቅበላቸውን በዘፈን ያደርጉታል፤ ለከርሞ ታዲያ ሌላ በሬ ይታረዳል።

ሶካ የዚህ ካርኒቫል የጭፈራ ሙዚቃ ነው፤ የሶካ ዘፋኝም ኑሮው ይህ ነው። አዲስ ዘፈን ይዞ ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይነግሣል፣ ረቡዕ ይሻራል። ስለዚህ "ከማን ልጀምር?" ለሚለኝ ሰው የሽያጭ ቁጥር አልደረድርለትም። አንዱን ከሌላው የምለይበት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ረቡዕ ሲነጋ ይህ ሰው ወዴት ሄደ? አንዱ ጫካ ገባ። አንዷ ኒው ዮርክ ሄደች። አንዱ አንድ ዘፈኑ ዓለምን ሲዞር እሱ ትንሽ ደሴቱ ላይ ሱቁን ይጠብቅ ነበር። አንዱ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ከመንገዱ አልተለየም። የሚስማማዎትን ለመምረጥ በመጀመሪያ እርስዎ ምን ዓይነት አድማጭ እንደሆኑ ማወቅ ይኖርብዎታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጆሮዎን ይፈትሹ

ሶካ በሁለት ፍጥነት ይመጣል። ፓወር ሶካ የሚባለው በደቂቃ 160 ምት ገደማ እየሮጠ "እጅ አንሡ፣ ዝለሉ፣ ባንዲራ አውለብልቡ" ብሎ የሚያዝ ነው። ግሩቪ ሶካ ከ110 እስከ 120 ምት አካባቢ ረጋ ብሎ የሚሄድ፣ ዜማና ፍቅር ያለበት ነው። የእኛ ችክችካ በሦስት በሦስት ሲረግጥ ሶካ ቀጥ ብሎ በአራት ይጓዛል። በእስክስታ ያደገ ሰው መጀመሪያ ትከሻውን ምን እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል፤ እዚያ ሥራው ሁሉ የወገብ ነውና።

እኔ ራሴ መጀመሪያ የሰማሁት ፓወር ሶካ ነበር፤ ያውም በጆሮ ማዳመጫ፣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ተቀምጬ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አጠፋሁት። የሠርግ ዘፈን ብቻውን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሰማ ሰው ምን ሊገባው ይችላል? ብቻዎን የሚሰሙ ከሆነ በግሩቪው ይጀምሩ፤ ፓወር ሶካን ሰው እስኪሰበሰብ ያቆዩት።

ሦስት ማዕረጎችንም መለየት ይጠቅማል፤ የዘፋኞቹ ታሪክ ሁሉ በእነሱ ስለሚለካ። ካሊፕሶ ሞናርክ ሶካ የወጣበትን የቀድሞ ዘፈን፣ የካሊፕሶን ግጥምና ብልሃት የሚመዝን የቆየ የዳኞች ውድድር ነው። ሶካ ሞናርክ በ1993 የመድረክ ግጥሚያ ሆኖ ተጀመረ። ሮድ ማርች ግን የማንንም ጣዕም አይጠይቅም። ሰኞና ማክሰኞ ጭፈራው በዳኞች ፊት ሲያልፍ ከሁሉም በላይ የተደጋገመው ዘፈን ይቆጠራል፤ በቃ። ለእኔ ከሦስቱ የሚታመነው ይኸኛው ነው፤ እግር አይዋሽም።

ማሼል ሞንታኖ፦ መንገዱን ያልለቀቀው

አንድ ሰው ብቻ ተከትለው የሶካን ታሪክ በሙሉ ማየት ከፈለጉ ምርጫው ብዙም አያከራክርም። ማሼል በ1974 ተወለደ፤ ያደገውም በደቡብ ትሪኒዳድ፣ በሲፓሪያ ነው። "ቱ ያንግ ቱ ሶካ" የተባለው አልበሙ በ1985 ሲወጣ ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ ነበር። ስሙ ለሶካ ገና ልጅ ነህ እንደማለት ነው፤ የሰዎቹን ወሬ ቀምቶ ዘፈን አደረገው። ልጅ ሆኖ የታወቀ ዘፋኝ ብዙውን ጊዜ ድምፁ ሲወፍር ዝናውም አብሮ ይጠፋል። የእሱ ግን ከወንድሙና ከሰፈር ልጆች ጋር የጀመረው የልጆች ባንድ ኤክስታቲክ ወደሚባል ትልቅ ባንድ አደገ፤ በ1990ዎቹም የጃማይካን ዳንስሆል ከሶካ ጋር ቀላቅሎ የወጣቱን ጆሮ ያዘ። የቀድሞዎቹ ካሊፕሶ ዘፋኞች ጩኸት ነው ብለው ተቆጡ። በእያንዳንዱ ትውልድ የሚነገር ቁጣ ስለሆነ እዚህ ላይ አልቆይም።

በ1997 "ቢግ ትራክ" የመጀመሪያውን ሮድ ማርች አስገኘለት። ከዚያ በኋላ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር በ2006፣ በ2007፣ በ2011፣ በ2012፣ በ2014፣ በ2015፣ በ2016፣ በ2018፣ በ2019 እና በ2025 ደገመው። ብዙ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያይ የድሎቹን ብዛት ይቆጥራል። እኔ የማየው ክፍተቱን ነው። ከ1997 እስከ 2006 ድረስ ስምንት ካርኒቫሎች ያለዚህ ማዕረግ አልፈዋል። በመካከሉ በ2003 ከዴስትራ ጋርሲያ ጋር "ኢትስ ካርኒቫል"ን ዘፈነ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ እንደ ካርኒቫል መዝሙር ያነሣዋል፤ የዚያን ዓመት ማዕረግ ግን የወሰደችው ሌላ ወጣት ሴት ነበረች፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ። ሮድ ማርችን ማጣት በሶካ ዓለም ቀላል ነገር አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የሠራኸው በሁለት ቀን ተመዝኖ ይመለስልሃል። እሱ በየዓመቱ ተመልሶ መጣ።

በ2014 በአሜሪካ የሶል ትሬን ሽልማት አገኘ፤ ከናይጄሪያው ቲማያ ጋር ሠርቶም ሶካን ወደ ምዕራብ አፍሪካ የዳንስ ሙዚቃ አስጠጋው። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው በ2024 ያደረገው ነገር ነው። ሃምሳኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲቃረብ በሽማግሌዎቹ ሜዳ፣ በካሊፕሶ ሞናርክ ውድድር ገባና አሸነፈ። የዘፈኑ ርዕስ "ሶል ኦፍ ካሊፕሶ"፣ የካሊፕሶ ነፍስ ማለት ነው። ይህ ሐረግ ከየት እንደመጣ ትንሽ ቆይተን እናያለን።

ጉድለቱንም ልናገር። ከአርባ ዓመት ሥራው ውስጥ ለአንድ ካርኒቫል ብቻ የተሰፋ ብዙ ልብስ አለ፤ ከዓመት በኋላ ሲለብሱት ይጠባል። አልበሞቹን ከዳር እስከ ዳር መስማት ድካም ነው። ሮድ ማርች ያገኙትን በዓመት ቅደም ተከተል ይስሟቸው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር፣ መልሶ ሲረጋ፣ ኮምፒውተር ከበሮውን ሲተካ በጆሮዎ ይከታተላሉ።

ካሊፕሶ ሮዝ፦ ሄዳ የተመለሰችው

ግጥም ለሚሰማ አድማጭ፣ ከጭፈራው በፊት "ምን እያለች ነው?" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ማሼልን ለጊዜው ይተዉትና ወደ ሮዝ ይምጡ።

በ1940 የትሪኒዳድ እህት ደሴት በሆነችው ቶቤጎ ውስጥ ቤቴል በሚባል መንደር ተወለደች። አባቷ የባፕቲስት ሰባኪ ነበሩ። ካሊፕሶ በዚያን ዘመን የወንዶች፣ የመጠጥ ቤትና የአሽሙር ሥራ ነበር፤ የሰባኪ ልጅ ይቅርና ማንኛዋም ሴት መድረኩ ላይ ስትቆም ስሟ ይጎድፍ ነበር። አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። በልጅነቷ ወደ ትሪኒዳድ ሄዳ ከአጎቷ ጋር ኖረች። የመጀመሪያ ዘፈኗን የሠራችው አንድ ሌባ የአንዲትን ሴት መነጽር ከፊቷ ላይ መንትፎ ሲሮጥ አይታ እንደሆነ ትናገራለች። ከ800 በላይ ዘፈኖች እንደደረሰች ይነገራል፤ ብዙዎቹም በዚሁ መንገድ፣ መንገድ ላይ ካየችው ነገር የተነሡ ናቸው። የቤት ሠራተኞችን በደል ያነሣችበት "ኖ ማዳም" ከእነዚህ አንዱ ነው። የአረብ አገር ኑሮን የምታውቅ እህት ይህን ዘፈን ብትሰማ ቋንቋውን ባታውቅ እንኳ ጉዳዩን ታውቀዋለች።

በ1977 ሮድ ማርችን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በሚቀጥለው ዓመትም ደገመችው። በዚያው በ1978 የካሊፕሶ ንጉሥ ውድድርን አሸነፈች። አሁን ችግር ተፈጠረ፤ ሴትን ንጉሥ ብሎ መጥራት አይቻልም። የማዕረጉ ስም ንጉሥም ንግሥትም ወደሚያሰኘው ሞናርክ ተለወጠ። አንድ ሰው ማዕረግ ሲያገኝ ሞልቷል፤ ማዕረጉ ራሱ ለሰው ሲል ስም ሲለውጥ ግን በየቀኑ አይታይም።

ከዚያ በኋላ ሮዝ ኒው ዮርክ ኩዊንስ ገብታ ኖረች። ለብዙ ዘፋኝ ታሪኩ እዚህ ላይ ይዘጋል፤ በአገር ልጆች ድግስ ላይ የድሮውን መዝፈን፣ ፎቶ መነሣት። በ2016 ግን በ76 ዓመቷ "ፋር ፍሮም ሆም" የተባለውን አልበም አወጣች፤ ፈረንሳዊው ዘፋኝ ማኑ ቻኦም አብሯት ሠርቶበታል። በሚቀጥለው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ የቪክቷር ደ ላ ሙዚክ ሽልማት አገኘችበት። ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱ "ተወኝ" የሚል፣ ሴት በካርኒቫል ማንም ሳይነካት የመጨፈር መብቷን የሚጠይቅ ነው። በ2017ቱ ካርኒቫል ትሪኒዳድ ውስጥ ሴቶች ቃሉን እንደ መፈክር ያዙት። በ2019 በ78 ዓመቷ በካሊፎርኒያው ኮቸላ ፌስቲቫል ቆማ ዘፈነች፤ ከዚያ በፊት በዚያ መድረክ የእሷን ዕድሜ የደረሰ ዘፋኝ አልወጣበትም።

አንዳንዶች ሮዝ የካሊፕሶ እንጂ የሶካ ዘፋኝ አይደለችም ይላሉ። የ1977ና የ1978 ዘፈኖቿን ሰምቶ ይህን የሚል ሰው ግን እግሩ የታሰረ መሆን አለበት።

ራስ ሾርቲ፦ ጫካ የገባው

ይህ ምርጫ ነገሩ ሁሉ ከየት እንደመጣ ካላወቀ እንቅልፍ ለማይወስደው ሰው ነው። ጋርፊልድ ብላክማን በ1941 ሌንጓ በሚባል የትሪኒዳድ ገጠር ተወለደ። አካባቢው ከሕንድ የመጡ የሸንኮራ ሠራተኞች ዘሮችና ጥቁሮች ጎን ለጎን የሚኖሩበት ነው። ቁመቱ ረጅም ስለነበረ በተቃራኒው ሎርድ ሾርቲ፣ ጌታ አጭሩ፣ ተባለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሊፕሶ በሬጌና በአሜሪካ ሶል ተውጦ ሊሞት ነው ብሎ ሰጋ። መድኃኒቱን ያገኘው ከጎረቤቶቹ ነበር፤ ዶላክና ዳንታል የተባሉትን የሕንድ መሣሪያዎች ምት ወደ ካሊፕሶ አስገባ። በ1973 "ኢንድራኒ" ሲወጣ ከጥቁሩም ከሕንዱም ወገን ቁጣ ቀሰቀሰ። ከዚያ በኋላ አዲሱን ስልት "ሶካህ" አለው፤ "ሶ" ከካሊፕሶ፣ "ካህ" ደግሞ ከሕንድ ፊደል። ትርጉሙንም የካሊፕሶ ነፍስ ብሎ ፈታው። ማሼል ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ በውድድር መድረክ ላይ ያነሣው ሐረግ ይህ ነው።

ሶካ ወገብና መጠጥ ብቻ ሆኖ ሲያገኘው ፈጣሪው ራሱ ጥሎት ሄደ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ፒፓሮ በሚባል ጫካ ገባ፤ ስሙንም ራስ ሾርቲ ብሎ ለወጠው። ቃሉ የእኛው ራስ ነው፤ በራስ ተፈሪ እንቅስቃሴ በኩል ካሪቢያን የደረሰው። ትሪኒዳድ ከኢትዮጵያ ጋር ያላት ትውውቅ ግን ከዚያም ይቀድማል። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ፣ በ1936፣ ግራውሊንግ ታይገር የተባለ የካሊፕሶ ዘፋኝ ሙሶሊኒ የአፍሪካን ወርቅ ፈልጎ ነው የመጣው እያለ የዘፈነው ዘፈን በሸክላ ታትሟል። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ 1966 ወደ ጃማይካ ከመሻገራቸው በፊት ያረፉት ትሪኒዳድ ነበር።

ጫካው ውስጥ ሾርቲ ጃሙ የሚባል መንፈሳዊ ሙዚቃ ከቤተሰቡ ጋር መዝፈን ጀመረ፤ ልጆችን ከአደንዛዥ ዕፅ የሚያስጠነቅቅ ታዋቂ ዘፈኑም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። በ2000 ሞተ። የእሱን ነገር የሚሰማ ሰው ጥራት አይጠብቅ፤ የ1970ዎቹ ቀረጻ ነው። ነገር ግን የምድጃውን እሳት ማየት የሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

አሮው፦ ሳያውቁት የሰሙት

"ሆት ሆት ሆት" የሚለውን ሰምተውታል። በሆቴል፣ በመርከብ ማስታወቂያ፣ በስታዲየም፤ አይቀርም። የዘፈነው አልፎንሰስ ካሰል፣ በመድረክ ስሙ አሮው፣ የትሪኒዳድ ሰው አልነበረም። በ1949 የተወለደው በወቅቱ ሕዝቧ ከ15,000 በማይበልጥባት፣ እስከ ዛሬ በብሪታንያ ሥር ባለችው ሞንሰራት ደሴት ነው። የትሪኒዳድ ዘውዶች የእሱ ስላልነበሩ ዓይኑን ወደ ውጭ ጣለ፤ ዘፈኑንም ማንም ሰው ያለ አስተርጓሚ እንዲገባው አድርጎ ሠራው። በ1987 አንድ አሜሪካዊ መልሶ ዘፍኖት ከባለቤቱ በላይ ታወቀበት።

ዋና ከተማዋ ፕሊመዝ ውስጥ የወንዶች ልብስ መደብር ነበረው። በ1995 የሱፍሬር ሂልስ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተማዋ በአመድ ተቀብራ ተለቀቀች። አብዛኛው ሕዝብ ደሴቲቱን ጥሎ ሄደ። አሮው አልሄደም፤ ሱቁን ወደ ሰሜኑ ክፍል አዛውሮ ቀጠለ። በ2010 የሞተው እዚያው ነው። የሌሎቹ የአመድ ረቡዕ በየዓመቱ አንድ ቀን ነበር፤ የእሱ አመድ ግን እስከ ጣራ ደረሰ።

እንደ መግቢያ ግን አሮውን አልመክርም። ያን አንድ ዘፈን አስቀድመው ስለሚያውቁት ሶካን ያወቁ ይመስልዎታል። የሴንት ቪንሰንት ደሴት ልጅ የኬቨን ሊትል "ተርን ሚ ኦን" በ2004 የአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ 4ኛ ደርሶ የፈጠረው ስሜትም ይኸው ነው፤ ጣፋጭ ነው፣ ይገባል፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል።

አባትና ልጅ

ቤተሰብ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ የላየንስን ቤት ይዩ። አባትየው ሱፐር ብሉ በ1980 ገና ብሉ ቦይ ተብሎ ሲጠራ "ሶካ ባፕቲስት"ን ዘፍኖ ሮድ ማርች ወሰደ። በ1993 በተጀመረው ሶካ ሞናርክ የመጀመሪያው አሸናፊም እሱ ነው። የክሪኬቱ ብራያን ላራ በ1994 በአንድ ጨዋታ 375 ሲያስቆጥር ለእሱ የዘፈነው በ1995 ካርኒቫሉን ገዛ። ከ2000 በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ጠፋ። በ2013 ተመልሶ ሮድ ማርችን ወሰደ፤ በሶካ ሞናርክም ከማሼል ጋር እኩል ወጣ። በሶካ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስለቅስ መመለስ አላየሁም።

ልጁ ፌይ-አን ናት፤ በ2003 የማሼልን ማዕረግ የቀማችው። በ2009 ለመውለድ ተቃርባ፣ ሆዷን ይዛ መድረክ ላይ ወጥታ ሶካ ሞናርክን በፓወሩም በግሩቪውም አሸነፈች፤ ሮድ ማርችንም ጨመረች። ያሸነፈችበት ዘፈን ርዕስ የአባቷን ስም የያዘ ነበር። ባለቤቷ ባንጂ ጋርሊንም በ2013ቱ ካርኒቫል "ዲፈረንቶሎጂ"ን የዘፈነ ዘፋኝ ነው፤ የጊታሩ መግቢያ ብቻ ለአንድ ምሽት ይበቃል።

አንድ ምሽት ብቻ ካለዎት

ከ"ኢንድራኒ" ይጀምሩ፤ ከበሮው ውስጥ የሕንዱን ምት ይፈልጉ። ቀጥሎ የሮዝን የ1977 ዘፈን ያድርጉ፤ ድምፅዋ ከባንዱ በግማሽ እርምጃ እንደሚቀድም ያስተውሉ። የአሥር ዓመቱን ማሼል ለሁለት ደቂቃ ያህል ይስሙ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ወዲያው ወደ 2024ቱ ይዝለሉ። ያ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ግጥሙ ከያዘዎት ነገ የዴቪድ ራደርን የ1986 ሥራዎች ይጨምሩ፤ በዚያ ዓመት የወጣቶቹን ዘውድ፣ ካሊፕሶ ሞናርክንና ሮድ ማርችን በአንድ ጊዜ የጠቀለለ ሰው ነው። ሱፐር ብሉን ደግሞ ቤትዎ ሰው ሲሞላ፣ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ካስጠጉ በኋላ ይክፈቱት።